እማማ ልዕልት የተቀመጡበት መቃብር

ተክሌ ቅዳሜ ጠዋት መቃብር ያጥባል። የሚያጥበው በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው። ሳሙና አይነካም፤ በረኪና አይነካም፤ የሽቦ ብሩሽማ ከግቢው በር አያልፍም። ሥራውን ሲቀበል ይህን የነገሩት ጊዜ በልቡ ታዝቧቸው ነበር። እሱ ባደገበት በአርሲ፣ ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ መቃብር ቀለም ይቀባል፤ ፈረሰኛው ቀይ፣ አንበሳው ቢጫ ይሆናል፤ ዝናብ ሲያደበዝዘው ዘመድ ይመጣና ያድሰዋል። ሽበት የወረሰው መቃብር ሰው ያጣ ሰው መቃብር ነው። እዚህ ግን ድንጋዩ ያበቀለውን ሽበት እንኳ እንዳይፍቀው ታዘዘ። ሽበቱ በኃይል ከተነሣ ድንጋዩም አብሮት ይነሣል አሉት።

ግቢው በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ሊቶኒያ ከተማ ጫፍ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ የግራናይት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። እሁድ ጠዋት ባለቤቶቹ፣ ቁጥራቸው በየዓመቱ የሚያንስ አሜሪካውያን አዛውንቶች፣ ይጸልዩባታል። ከሰዓት በኋላ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ጉባኤ ይገባባትና ከበሮና ኪቦርድ ይሰማባታል። ተክሌ የሁለቱም ሰው ነው፤ ለባለቤቶቹ ግቢ ጠባቂ፣ ለተከራዮቹ የጉባኤ ሽማግሌ። ለብዙ ዓመታት በአውሮፕላን ማረፊያው ፓርኪንግ የመንገደኞች አመላላሽ መኪና ሲነዳ ጉልበቱ እምቢ አለ። መጋቢው ይህን ሥራ ሲያገኝለት ሣር ማጨድና ቅጠል መጥረግ ብቻ መስሎት ነበር።

መቃብሮቹን በኋላ ነው ያያቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተደቡብ፣ በትልቁ የኦክ ዛፍ ሥር፣ እንደ ሣጥን የተሠሩ አምስት የእብነ በረድ መቃብሮች አሉ። ቁመታቸው እስከ ሰው ወገብ ይደርሳል፤ አራቱ ጎናቸው በቅርጽ የተሞላ ነው፤ ከላይ ወፍራም ክዳን ተጭኖባቸዋል። የጠረባቸው ከእንግሊዝ አገር ወደ ሊቶኒያ የድንጋይ ካባ ሊሠራ የመጣ ሰው ነው ይባላል። በተወለደበት መንደር የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በእንዲህ ያሉ መቃብሮች የተሞላ ነበር፤ አባቱ በቢጫ ድንጋይ ይሠራቸው የነበሩትን እሱ በጆርጂያ ነጭ እብነ በረድ ደገማቸው። ክንፍ ያላቸው የሕፃናት ራሶች፣ የፍራፍሬ ጉንጉን፣ ጫፍ ላይ ደግሞ የራስ ቅልና የአሸዋ ሰዓት።

የራስ ቅሉን ያየ ቀን ተክሌ በልቡ ገሥጾታል። ወንጌላዊ ሰው ነውና እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። ግን በየሳምንቱ የሚታጠብ ነገር እየተለመደ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ የትኛው ሕፃን አፍንጫው እንደ ረገፈ፣ የትኛው ወይን ፍሬ ላይ ጉንዳን እንደሚሠፍር በእጁ ያውቅ ነበር። አፍንጫቸው ከረገፈ ሕፃናት አንዱ ጉንጩ ያበጠ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ሚስቱ ፀሐይነሽ ነገር ሳይጥማት የምታሳየውን ፊት ያሳያል። ይህን ነገራት። በስልክ አንሥቶ ሲያሳያት ደግሞ ረጅም ጊዜ አየችውና፣ “እኔ እንኳ አፍንጫ አለኝ” አለች።

ፀሐይነሽ ነርሲንግ ሆም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው አዛውንት ስታነሣ ስታስተኛ የኖረች ናት። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ለዲያሊሲስ ትመላለሳለች። ከክላርክስተን አፓርታማ ወጥተው ስኔልቪል፣ ልጃቸው ኤልቃና ቤት ከገቡ በኋላ ስለ ሞት መናገር ጀመረች፤ ግን እንደሚፈራ ሰው ሳይሆን ዕቃ እንደሚያዘጋጅ ሰው ነበር። ፍላጎቷ አንድ ነው። የከተማው ሰው በሚቀበርበት ሰፊ ሜዳ መቀበር አትፈልግም። እዚያ ስም የሚጻፈው ከሣሩ እኩል በተቀበረ የነሐስ ሰሌዳ ላይ ነው፤ የሣር ማጨጃው በላዩ እንዲያልፍ። ወዳጅ ቀብራ ስትመለስ ቦታውን ደግማ ማግኘት አቅቷት ያውቃል። እሷ የምትፈልገው ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሲወጣ የሚያልፍበትን፣ ከኦክ ዛፉ ዝቅ ብሎ ያለውን ባዶ ስፍራ ነው።

መጋቢው ይህን ሲሰማ በለሰለሰ አነጋገር ሥጋ ወደ አፈር እንደሚመለስ፣ ለአማኝ የመቃብር ቦታ ትርጉም እንደሌለው አስታወሳት።

“እሱማ ልክ ነው” አለችው። “ግን ጌታም የሰው መቃብር ተውሰውለት ነው የተቀበረው። የትም ጣሉት አላሉም።”

መጋቢው ሳቀና ጸለየላት። ተክሌም የባለቤቶቹን ቦርድ ጠየቀ፤ ለሚስቱ ብቻ ሳይሆን ለጉባኤው ሁሉ፣ ያንን ባዶ ስፍራ ለመቃብር እንዲፈቅዱ። በትሕትና ሰሙት። ከፋሲካ በኋላ እንወስናለን አሉት። ከዚያ ወዲህ ፀሐይነሽ ከዲያሊሲስ ስትመለስ ሌላ ምንም አትጠይቀውም፤ “ምን አሉ?” ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ቦርዱ ሳይሰበሰብ አቶ ግሩም ዐረፉ። ክላርክስተን ውስጥ የመጀመሪያውን የአበሻ ሱቅ ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ነበሩና ያልመጣ አልነበረም። ቀብሩ ቅዳሜ ዕለት እዚያው ሰፊው ሜዳ ላይ ሆነ፤ ሕዝቡ ግን ለምሳና ለማጽናናት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተመለሰ። አዳራሹ ሞላ። ወንበር አለቀ። ጥቁር የለበሱ አራት እናቶች ውጭ፣ የሚያዝያ ቢጫ የአበባ ብናኝ በሚዘንብበት ኦክ ሥር፣ እግራቸውን እያፈራረቁ ቆመው ቀሩ። ከፊታቸው እማማ ልዕልት ነበሩ፤ በጉባኤው በዕድሜም በክብደትም የሚበልጣቸው የለም።

ለቅሶ ይቀመጡታል እንጂ አይቆሙትም። ተክሌ እንደ ሽማግሌም እንደ ግቢው ሰውም አፈረ። ወደ አዳራሹ ተመልሶ ወጣቶቹን ከወንበር ማስነሣት ይችል ነበር፤ ግን እሱም ጉልበተ ደካማ ነው፣ በሩም በሰው ታፍኗል። ከመቃብሮቹ አንዱ ጥላ ላይ ነበር፣ ፊቱም ወደ አዳራሹ በር። ብናኙን በእጁ ጠርጎ የመኪናውን ብርድ ልብስ አነጠፈበት።

እማማ ልዕልት አመነቱ። “ሰውየው አይቀየመንም?”

“ድንጋይ ነው እማማ። ይህን ሁሉ ዘመን የቻለ እርስዎን አይችልም?”

“እኔን ችሎ የከረመ ወንበር የት አለ ብለህ ነው” አሉና ተቀመጡ። ሦስቱ አጠገባቸው ተደረደሩ። ተክሌ ውሃ ሊያመጣላቸው ዞረ።

ድምፁ ከፍተኛ አልነበረም። ደረቅ ሸንበቆ ጉልበት ላይ ሲሰበር ይመስላል። ዞር ሲል እናቶቹ ቆመዋል፤ የወደቀ የለም። ክዳኑ ግን መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ሰምጧል። ከዚያ እማማ ልዕልት የስልካቸውን መብራት አበሩና ጎንበስ ብለው በስንጥቁ አዩ።

“ባዶ ነው” አሉ።

“ምኑ?”

“ሣጥኑ። ሰው የለበትም።”

ከእናቶቹ አንዷ፣ ማማተብ ከተዉ ዘመን ያለፋቸው፣ አማተቡ። ሌላዋ በሹክሹክታ ሰውየው ወዴት ሄደው ይሆን አሉ። እማማ ልዕልት ብርድ ልብሱን አጥፈው ለተክሌ ሰጡትና፣ ግሩምን ቀብረን የሌላውን ሰው አፈናቀልን፣ ለዛሬ ይበቃናል ብለው ወደ አዳራሹ አመሩ። ማታውኑ ወሬው በጉባኤው ስልኮች ሁሉ ዞረ። አንዱ አሜሪካኖች መቃብር የሚሠሩት ለጌጥ ነው አለ። ሌላው፣ ሰውየው ትንሣኤን ቀድሞ ተነሥቷል ብሎ ጻፈ። ተክሌ ሁሉንም አነበበ፤ ለአንዱም አልመለሰም። ያጥበው የነበረው ድንጋይ ባዶ መሆኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ የሰበረው ራሱ መሆኑ ሌላ ነገር ነበር።

እሁድ ክዳኑን የሸፈነው ቢጫ ብናኝ ስንጥቁን ስለደበቀው ከባለቤቶቹ ማንም ልብ አላለውም፤ ሌሊቱን ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መጣ። ሰኞ ጠዋት ተክሌ መንሽና መጥረጊያ ይዞ ሲደርስ የቦርዱ የንብረት ኃላፊ ቀድሞት ግቢው ውስጥ ቆሟል። የኦክ ቅርንጫፎች መሬት ላይ ተበትነዋል፤ አንዱ፣ የሰው ክንድ የሚያክለው፣ በተሰነጠቀው መቃብር ላይ ተጋድሟል። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። ይህ ዛፍ አንድ ቀን ሁላችንንም ይጨርሰናል አለ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ፤ ለኢንሹራንስ እንደሚደውልም ነገረው። ተክሌ ቅርንጫፉን ከክዳኑ ላይ አነሣና ከሌሎቹ ጋር ከመረው። ምንም አላለም። ዝምታው እንደ መልስ ተቆጠረለት።

ያን ዕለት ማታ ለቤተሰቡ ነገራቸው። ኤልቃና ከሥራ ገብቶ ላፕቶፑን ገና አልዘጋም ነበር። ጆርጂያ ያደገ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ አባቱን ከልቡ የሚወድ ልጅ ነው፤ የሚናገረውም ሊያድነው ፈልጎ ነበር።

“አባዬ፣ አንተ አልዋሸህም። ዛፉ ነው ብሎ አሲውም ያደረገው ሰውዬው ራሱ ነው። ኢንሹራንሱ ይሸፍነዋል፣ ማንም አልተጎዳም። ሳይጠይቁህ ለምንድነው ቮለንቲር የምታደርገው?”

ኤልቃና ቀጠለ። ቦርዱ የሚወስነው በዚሁ ሳምንት ነው፤ ነገሩን ካወቁ ስለ መቃብሩ ቦታ ቀርቶ ስለ ኪራዩም ሁለት ጊዜ ያስባሉ፤ የጉባኤውን ሕዝብ በአንተ ድንጋይ ምን አገባው። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ተክሌም ከጠዋት ጀምሮ ለራሱ ሲለው የዋለው ይህንኑ ነው።

ፀሐይነሽ ሶፋው ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ የተኛች መስሏቸዋል።

“የምታወሩት እኔ ስለምተኛበት ቦታ ነው አይደል?” አለች።

“እማ፣ እኛ...”

“ዛፉን በሐሰት ከሳችሁ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ልታስተኙኝ ነው?”

ኤልቃና ላፕቶፑን ዘጋ። እሷ ሌላ አልጨመረችም። አፏ ግን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቀረ፤ ተክሌ ያንን ፊት በእብነ በረድም በሥጋም ያውቀዋል።

የመቃብሩ ባለቤት ዘር ሚስ ዶረቲ ናቸው። የቦርዱ አንጋፋ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው፤ ረቡዕ ረቡዕ የመሠዊያውን አበባ ይቀይራሉ። የተሰበረው ክዳን ቅድመ አያታቸውን የሸፈነ ነው። ተክሌ ረቡዕ በር ላይ ጠበቃቸው፤ አበባውን ተቀበላቸውና ወደ ኦክ ዛፉ እንዲመጡ ለመናቸው። እንግሊዝኛው ከአውሮፕላን ማረፊያ የተገኘ ነው፤ ሻንጣ፣ በር፣ ሰዓት ለመናገር ይበቃል። ለዚህ ነገር ግን ቃላቱን በመኪናው ውስጥ ደጋግሞ አዘጋጅቷል። እኔ ነኝ አላቸው። ዛፉ አይደለም። ለቅሶ ነበር፣ አራት እናቶች ቆመው ነበር፣ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ።

ሚስ ዶረቲ ስንጥቁን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

“ሴቶቹ ተጎድተዋል?” አሉ በመጨረሻ።

“አልተጎዱም።”

“ለምን ይኼኛው?”

“ጥላ ነበረው። ወደ በሩ ያያል። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ለቅሶ ቤት ቆሞ አይተውም።”

ተክሌ ከቅዳሜ ጀምሮ የቆረጠመውን ጥያቄ አወጣ። “ሚስ ዶረቲ፣ ሰውየው የት ናቸው? ውስጡ ባዶ ነው።”

ሚስ ዶረቲ ቀና ብለው አዩት፤ የገባቸው ቆይቶ ነው። ከሥር ናቸው አሉት፤ መሬት ውስጥ፣ እንደ ሁሉም ሰው። ሣጥኑ ከላይ የቆመ ምልክት ነው እንጂ ሬሳ ገብቶበት አያውቅም፤ እንግሊዝ አገርም ያሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። አራት ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይና አንድ ክዳን። መሐሉን የሚደግፈው ነገር የለም።

“ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያጥቡት አላወቁም?”

“አላወቅሁም” አለ ተክሌ።

“እኔ በጣም ተናድጃለሁ፣ ሚስተር ተክሌ” አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። “ለጊዜው እንደተናደድኩ እቆያለሁ። ቦርዱ ሲሰበሰብ ያሉኝን እንዳሉኝ እናገራለሁ።” አበባቸውን ተቀበሉትና ወደ በሩ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆሙ። “ይምጡ” አሉት።

ያስገቡት ወደ አዳራሹ ኮሪደር ነበር። እዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ተክሌ መስተዋቱን በየሳምንቱ ይወለውለዋል። የእንግሊዝ መንደር ቤተ ክርስቲያን፣ ረጅም ሣር፣ በሣሩ ውስጥ እንደ ከብት የተበተኑ የሣጥን መቃብሮች። ድንጋይ ጠራቢው የተወለደበት ግቢ መሆኑን ያውቃል። ሚስ ዶረቲ ጣታቸውን በአንድ ጥግ ላይ አደረጉ። አንድ መቃብር ላይ የሸሚዙን እጅጌ የጠቀለለ ወጣት ሰው ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ሳንድዊች አለ። ተክሌ መስተዋቱን እንጂ ሰውየውን አይቶት አያውቅም ነበር።

“ባለቤቴ ነው” አሉ። “ሙሽሮች ነበርን። ከፎቶው በኋላ የሰው መቃብር ላይ ተቀምጠህ ትበላለህ ብዬ እስከ ማታ አኮረፍኩት።” ጣታቸውን ከመስተዋቱ አነሡ። “ደክሞት ነበር እኮ። ከባቡር ጣቢያው በእግር ነበር የመጣነው።”

ከዚያ የመሠዊያውን አበባ ሊቀይሩ ሄዱ።

ቦርዱ ሐሙስ ተሰበሰበ። ውስጥ የተባለውን ተክሌ የሰማው በቁራጭ በቁራጩ ነው። የንብረት ኃላፊው ተቆጥቷል፤ ለኢንሹራንስ ያቀረበውን ጥያቄ መሳቡ አሳፍሮታል። አንዱ፣ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ድንጋይ ከሰበሩ ሲሞቱ ምን ሊያደርጉ ነው ብሎ አስቋል። ሚስ ዶረቲ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ፤ ድምፅ ግን አልሰጡም፤ የገዛ ቤተሰቤ መቃብር ነው፣ በዚህ ነገር ዳኛ አልሆንም አሉ። ሌሎቹ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ቦታው ተፈቀደ፤ በአሮጌዎቹ መቃብሮች ላይ ማንም እንዳይቀመጥ፣ አዲሶቹ ድንጋዮችም ከጉልበት በላይ ከፍ እንዳይሉ ተወሰነ።

ተክሌ ቤት ሲደርስ ፀሐይነሽ፣ “ምን አሉ?” አለችው። ነገራት። አልተደሰተችም፣ አላለቀሰችም። ጥቂት አሰበችና፣ “ጉልበት ድረስ ከተፈቀደ ወንበር ነዋ” አለች።

ክዳኑን የሚጠግነው ባለሙያ የመጣው በሰኔ መጀመሪያ ነው። ሰንሰለትና ማንሻ አቁሞ ሁለቱን ስባሪ ሲያነሣ አራቱ እናቶች ሊያዩ መጥተው ነበር፤ ዳር ላይ፣ ራሳቸው ባመጡት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው። ተክሌ ወደ ውስጥ አየ። ደረቅ አፈር፣ የቅጠል ብስባሽ፣ አንድ የወፍ ጎጆ። የጎኖቹ ጀርባ በሻካራ መሮ የተመታ፣ ቅርጽ የሌለው ድንጋይ ነው። ጠራቢው ጥበቡን ሁሉ ያወጣው መንገደኛ በሚያይበት በኩል ነበር፤ ለሟቹ የተተወ ጎን የለም። ባዶነቱ ተክሌን ሲያስደነግጠው ቆይቶ አሁን አላስደነገጠውም። ሟቹ ከሥር ነው፤ ይህ ሁሉ ክንፍና ፍሬ ለመንገደኛው ነው።

የፀሐይነሽ ድንጋይ የተሠራው እሷ በሕይወት ሳለች ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው ብላ መጋቢውን አፉን አስያዘችው። ከሊቶኒያ ግራናይት የተቆረጠ ዝቅ ያለ አግዳሚ ወንበር ሆነ፤ እግሮቹ ወፍራም፣ ውስጡም ድፍን ነው። ተክሌ በጎኑ ላይ ያንን አፉ ያዘነበለ ሕፃን ሊያስቀርጽ ፈልጎ ነበር፤ እሷ እምቢ አለች። የድንጋይ ሠራተኛው ስሟን ፊት ለፊት ላይ ነድፎ ሲያመጣም መለሰችው።

“ከጀርባው አድርጉት” አለች። “ከፊት ከተጻፈ ሰው ስም ላይ የሚቀመጥ እየመሰለው ቆሞ ይቀራል። ሳያይ ይቀመጥ፤ ሲነሣ ያንብበው።”

የተተከለ ቀን፣ የከሰዓት በኋላው ጸሎት ሲያልቅ፣ ፀሐይነሽ በኤልቃና ክንድ ተደግፋ ወረደች። አልተቀመጠችም። እማማ ልዕልትን አስጠራች። እማማ ልዕልት መጡ፤ ወንበሩን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

“ይኼኛውስ ሰው አለበት?”

“ገና ነው” አለች ፀሐይነሽ። “ይቀመጡበትና ይዩልኝ።”

እማማ ልዕልት ነጠላቸውን ሰብስበው በዝግታ፣ ሙሉ ክብደታቸውን ተቀመጡ። ሁሉም ጆሮውን አቀና። ከኦክ ዛፉ ላይ ወፍ ተነሣ እንጂ ሌላ ድምፅ አልተሰማም። እማማ ልዕልት ጥቂት ተመቻቹና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ አደረጉላት።

ፀሐይነሽ የልጇን ክንድ ለቀቀችና ሄዳ ተቀመጠች።